እያየ የማያያት ሰው



የፊልም ምሽቱ አዘጋጆች ከፊልሙ በኋላ እንድናገር ሲጋብዙኝ የሰጡኝ ርእስ «ግራ የሚያጋባ ፊልም እንዴት ይታያል?» የሚል ነበር። ርእሱ ሰፊ ነው። ሁሉንም ልንካ ብል አንዱንም ሳልጨብጥ ከመድረክ እወርዳለሁ። ስለዚህ በፈቃዳችሁ አሁን አብረን ባየነው ፊልም ላይ ብቻ እቆያለሁ፤ ሉዊስ ቡኑኤል እ.ኤ.አ. በ1977 በሠራው «ያ ስውር የምኞት ነገር» ላይ። ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በዚሁ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

መብራት ሲበራ ብዙዎቻችሁ ወደ ጎናችሁ ዞር ብላችሁ ስትጠያየቁ ሰምቻለሁ። «ልጅቷ ሁለት ናት አይደል?» ትባባሉ ነበር። አዎ፣ ሁለት ናት። ኮንቺታን ሁለት ተዋናዮች ይጫወቷታል፤ አንዷ ካሮል ቡኬ፣ ሌላዋ አንኼላ ሞሊና። ገና ከጅምሩ ያስተዋለ አለ፤ ፊልሙ ከተጋመሰ በኋላ የነቃም አለ። ዘግይቶ የነቃ ሰው ምንም አይሰማው። ፊልሙ መጀመሪያ የሚፈትነን እዚያው ላይ ነው፤ ለምን እንደሆነ እመጣበታለሁ።

የምለው ነገር አንድ ነው፤ በተለያየ በር እየገባሁ እሱኑ እደጋግመዋለሁ። ይህ ፊልም እንግዳ የሆነው ነገር ለማወሳሰብ ተብሎ አይደለም። የፍቅር ልክፍት የያዘው ሰው የሚያሳድዳትን ሴት እያየ እንደማያያት ለማሳየት ከዚህ የቀና መንገድ ስላልተገኘ ነው። ቡኑኤል ይህን የሠራው በሰባ ሰባት ዓመቱ ነው፤ የመጨረሻ ፊልሙም ሆኖ ቀረ። ዕድሜ ልኩን ስለዚህ ልክፍት ሲያስብ የኖረ ሰው ሥራ ነውና ታግሠን ብናየው ይገባዋል።

እንግዲህ ከባቡሩ ልነሣ።

ማቲዩ ሀብታም ነው፤ ጸጉሩ የሸበተ፣ አለባበሱ ያማረ፣ ንግግሩ የለዘበ ሰው። ከሴቪያ ወደ ፓሪስ ሊመለስ ባቡር ይሳፈራል። አንዲት ወጣት ፊቷ በልዞ፣ ራሷ በፋሻ ተጠቅልሎ፣ እየሮጠች ትደርሳለች። እሱም ባልዲ ሙሉ ውሃ ከላይ ይደፋባታል። ከዚያ ተመልሶ ቦታው ላይ ይቀመጣል፤ ልብሱን እንኳ አላዝረከረከም። በዚያች ክፍል አብረውት ያሉት ሰዎች እነማን ናቸው? አንድ ዳኛ አለ። ልጇን ይዛ የምትጓዝ እናት አለች። ቁመቱ በጣም አጭር የሆነ የሥነ ልቦና መምህር አለ። ሁሉም ያዩትን አይተዋል። ሁሉም በጨዋ ደንብ «እንዲህ ያለ ሰው ያለ ምክንያት እንዲህ አያደርግም» ብለው ያስባሉ። እሱም ምክንያቱን ሊነግራቸው ይጀምራል።

እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ። ከዚህች ደቂቃ ጀምሮ እስከ መጨረሻው ድረስ ከሞላ ጎደል ያየነው ሁሉ የማቲዩ ወሬ ነው። ኮንቺታ ፓሪስ ቤቱ በሠራተኝነት ስትገባ፣ በማግስቱ ጥላ ስትጠፋ፣ ስዊዘርላንድ ሲያገኛት፣ ከእናቷ ጋር የምትኖርበትን ቤት ሲያዘወትር፣ ሁሉም እሱ እንደተናገረው ነው። ስለ እሷ የምናውቀው እሱ ያለውን ብቻ ነው። እሷ ግን ያን ጊዜ እዚያው ባቡር ላይ ናት! ልብሷ ረጥቦ፣ ጥቂት ክፍሎች አልፋ ተቀምጣለች። ሄዶ «አንቺስ ምን ትያለሽ?» የሚላት አንድ ሰው አልተገኘም።

ከደሴ ንጋት ላይ ተነሥቶ አዲስ አበባ በሚገባ አውቶብስ የሄዳችሁ ታውቁታላችሁ። አንዱ ተሳፋሪ ስለ ሚስቱ ወይም ስለ እጮኛው ማውራት ይጀምራል፤ ወሬው ይጣፍጣል፤ ደብረ ብርሃን ሳይደርስ አውቶብሱ ሁሉ ለእሱ ፈርዶ ያበቃል። ሴትየዋን ያያት የለም። በፊልሙ ውስጥም የሆነው ይኸው ነው፤ ልዩነቱ ፈራጆቹ መሐል እውነተኛ ዳኛ፣ እውነተኛ የሥነ ልቦና ሊቅ መኖሩ ነው። ሰውን በማድመጥ እንጀራቸውን የሚበሉ ሰዎች የአንድ ወገን ሰምተው ይረካሉ። ያ የበለዘ ፊት ከየት መጣ ብሎ አጥብቆ የሚጠይቅ የለም። መልሱን በኋላ ማቲዩ ራሱ ይነግራቸዋል፤ የደበደባት እሱ ነው። ይህን ሰምተውም ፊታቸው አይለወጥበትም።

እኛም የዚያች ክፍል ተሳፋሪዎች ነን። እኛንም በጣፋጭ ወሬ ይዞናል። ታዲያ ቡኑኤል ለእኛ ብቻ አንድ ነገር ሹክ አለን። ሁለት ሴቶች አሳየን።

ሁለተኛው ጉዳዬ ስለ እነዚህ ሁለት ሴቶች ነው፤ ጥቂት ልቆይበት።

የታሪኩ መነሻ ፒየር ሉዊስ የተባለ ፈረንሳዊ ደራሲ በ1898 ያሳተመው «ሴቲቱና አሻንጉሊቱ» የተሰኘ ልብ ወለድ ነው። ከቡኑኤል በፊትም ወደ ፊልም ተመልሷል። በ1935 ሆሊውድ ውስጥ ማርሌነ ዲትሪች ተጫወተችው፤ በ1959 ፈረንሳይ ውስጥ ብሪዢት ባርዶ። ሁለቱም በየዘመናቸው ስማቸው ብቻ አዳራሽ የሚሞላ ኮከቦች ነበሩ። ነገሩም ይገባል። ታሪኩ ወንድ የምታጠፋ ቆንጆ ታሪክ ከሆነ፣ ሥራው ሁሉ ያቺን ቆንጆ ማግኘት ነው። ካሜራው ፊቷ ላይ ይተከላል፤ ተመልካቹም ከጀግናው ጋር አብሮ ይለከፋል።

ቡኑኤልም ሥራውን የጀመረው በአንዲት ተዋናይ ነበር። አልተስማሙም፤ ቀረጻው ቆመ፤ ብዙ ገንዘብም ባከነ። ራሱ በሕይወት ታሪኩ እንደተረከው፣ ከፕሮዲዩሰሩ ከሰርዥ ሲልበርማን ጋር ማድሪድ ውስጥ አንድ ቡና ቤት ተስፋ ቆርጠው ተቀምጠው ሳለ፣ ለምን ያቺን አንዲት ሴት ሁለት ተዋናዮች አይጫወቷትም የሚል ሐሳብ መጣለት። ሲልበርማን ወዲያው ተቀበለው። ሌላ ፕሮዲዩሰር ቢሆን ሐኪም በጠራ ነበር፤ በዚህ ፊልም ውስጥ የሲልበርማን ድፍረት ከቡኑኤል ድፍረት አያንስም ብዬ አምናለሁ።

ቡኬ ቀጭንና ረጅም ናት፤ ያኔ በፊልም ሥራ ገና ጀማሪ ነበረች። አስተያየቷ የራቀ ነው። ሞሊና ስፔናዊት ናት፤ ሳቋም እንቅስቃሴዋም ሞቅ ያለ። በመልክም በቁመትም አይመሳሰሉም። እንዲመሳሰሉ የተደረገ ነገርም የለም። አንዷ ወደ መታጠቢያ ቤት ትገባለች፤ ሌላዋ ትወጣለች። ማቲዩ ንግግሩን ካቆመበት ይቀጥላል።

ብዙ ተመልካች እዚህ ላይ ቁልፍ ፍለጋ ይገባል። «ስትከለክለው ቡኬ ናት፤ ስትቀርበው ሞሊና ናት» ይላል። ደብተር ይዛችሁ ብትቆጥሩ አይሠራም። የራቀችው መጥታ ትቀርባለች፤ የሞቀችው በሩን ዘግታ ትሄዳለች። ቡኑኤልና አብሮት የጻፈው ዣን ክሎድ ካሪዬር እንዲህ ያለ ሕግ አላወጡም። እኔ ግን ሕግ ባለመኖሩ ፊልሙ የጎደለበት አይመስለኝም፤ እንዲያውም ጥንካሬው እሱ ነው። ሕግ ቢኖረው ኖሮ እንቆቅልሽ ይሆንና ፈትተነው እናርፍ ነበር። አሁን ግን ከእንቆቅልሹ ይልቅ ወደ ሰውየው እንድንዞር ያስገድደናል። ሁለት ሴቶች ፊቱ ይፈራረቃሉ፤ እሱ «ኮንቺታ» ይላል። ደግሞ «ኮንቺታ» ይላል። ከፊቱ ለቆመችው ሴት ዓይን የለውም። የሚያየው በራሱ ውስጥ ያለውን ነው።

አሁን ዘግይቶ ለነቃው ተመልካች ልመለስ። አንድ ሰዓት ያህል ሁለት ሴቶችን እንደ አንዲት ሴት ያየ ሰው የማቲዩን ልክፍት ከውስጥ ቀምሶታል ማለት ነው። ይህን በንግግር ማስረዳት ይቻላል፤ ስለ ፍቅር የተጻፈ ማንኛውም መጽሐፍ «አፍቃሪ ዕውር ነው» ይላል። በራሳችን ዓይን እንድናረጋግጠው ያደረገ ፊልም ግን እኔ ከዚህ ሌላ አላውቅም።

የድምፁ ነገርም ደስ ይለኛል። ፊታቸው ሁለት ሲሆን የምንሰማው የፈረንሳይኛ ድምፅ የአንዲት ሌላ ሴት ነው። ማቲዩን የሚጫወተው ፈርናንዶ ሬይም ስፔናዊ ነው፤ በአፉ የሚወጣው ድምፅ ግን የፈረንሳዊው ተዋናይ የሚሼል ፒኮሊ ነው። ያ ለስላሳ፣ የሚያሳምን፣ የጨዋ ሰው ድምፅ የውሰት ነው።

ወደ ገንዘቡ ልለፍ፤ ምክንያቱም ማቲዩ ፍቅሩን የሚገልጥበት ቋንቋ ገንዘብ ነው።

ኮንቺታና እናቷ ከፓሪስ ወጣ ብሎ ኩርብቯ በተባለ ሠፈር በአንዲት ጠባብ ቤት ይኖራሉ። እናትየዋ ቤተ ክርስቲያን ሳሚ ናት፤ ሥራ ግን አትሠራም። ማቲዩ በመጣ ቁጥር የሆነ ነገር ይዞ ይመጣል። አንድ ቀን ነገሩን ከእናትየዋ ጋር ሊጨርስ ይቀመጣል። ልጅቷ ወደ እሱ ቤት እንድትገባ፣ እናትየዋም እንዳትቸገር። ቃሉ ሁሉ ጨዋ ነው፤ አንድም የሚያሳፍር ነገር አልተነገረም። ይህን ሲነጋገሩ በክፍሉ ውስጥ የአይጥ ወጥመድ ድንገት ይዘጋል። ቀጭ! አይጧ ተያዘች። ቡኑኤል ምንም አይጨምርበትም።

የተያዘው ማን እንደሆነ ግን ወዲያው አይታወቅም። ኮንቺታ ራሷን ልትሰጠው ፈቅዳ ሳለ እሱ ሊገዛት እንደሞከረ የሚናገር ደብዳቤ ትታ ትጠፋለች። እኔ በዚህ ፊልም ውስጥ ይህን ያህል የተረገጠ እውነት አላየሁም። ማቲዩ ደብዳቤውን በባቡሩ ውስጥ ላሉት ሰዎች ይተርክላቸዋል። ቃሏን በራሱ አፍ ይደግመዋል። እሱም አይሰማውም፤ አድማጮቹም አይሰሙትም። የአታላይነቷ ማስረጃ አድርጎ ነው የሚያቀርበው!

በገጠር ቤቱ ያለውን ትዕይንት አስታውሱት። በብዙ ልመናና በብዙ ቃል ኪዳን መጥታለች፤ አልጋው ላይ ናቸው። እሷ ከሥር የለበሰችው ከወፍራም ሸራ የተሰፋ፣ በገመድ ጥብቅ ተደርጎ የታሰረ ልብስ ነው። ሰውየው ቋጠሮውን ሊፈታ ይሞክራል። ጣቶቹ ይንቀጠቀጣሉ። አንዱን ሲነካ ሌላው ይጠብቃል። ያ ሁሉ ሀብት፣ ያ ሁሉ አሽከር፣ ያ ሁሉ ሥልጣን ያለው ዘመድ አንድ ቋጠሮ መፍታት አልቻለም። መጨረሻው ልቅሶ ነው። ሽማግሌ ሰው እንደ ሕፃን ያለቅሳል። አዳራሹ ውስጥ እዚህ ላይ ሳቅ ሰምቻለሁ፤ ይገባኛል። እኔ ግን ሳየው አዝንለታለሁ፤ ቡኑኤልም ያዘነለት ይመስለኛል። ሰውየውን ጭራቅ አላደረገውም። ሕመሙ እውነተኛ ሕመም ነው። የሕመሙ እውነተኛነት ግን በኮንቺታ ላይ መብት አይሰጠውም፤ ፊልሙ እነዚህን ሁለቱን ሳያምታታ ይዞ መዝለቁ ለእኔ ትልቁ ብስለቱ ነው።

ኮንቺታን ቅድስት እናድርጋት አላልኩም። ትዋሻለች። አንድ ወጣት ጊታር መቺ በእሱ ቤት፣ በራሷ ክፍል ትደብቃለች። ሴቪያ ውስጥ ቤት ከገዛላት በኋላ ማታ ሊገባ ሲመጣ የብረት ፍርግርጉን በር ቆልፋ ከውስጥ ትጠብቀዋለች። እጇን በፍርግርጉ መሐል አውጥታ ታስመዋለች። ከዚያ እንደምትጠላው ነግራው፣ ያንኑ ወጣት ጠርታ፣ እዚያው ዓይኑ ሥር የምታደርገውን ታደርጋለች። ጭካኔ ነው። በማግስቱ ግን መጥታ ሁሉም ማስመሰል ነበር ትለዋለች፤ እሱም መልሱን በጥፊ ይሰጣታል፤ ደም እስኪወርዳት ድረስ። የቱ እውነት ነው? ማስመሰሉ ነው ወይስ ማታ የታየው? ልናውቅ አንችልም፤ ምክንያቱም የምንሰማው ከማን እንደሆነ ታውቃላችሁ።

ቀጣዩ ነገር የፊልሙን ትልቅነት ለእኔ የገለጠልኝ ነው፤ ወደ ኋላ ሃምሳ ዓመት ያህል ይወስደናል።

ቡኑኤል በ1900 ስፔን ውስጥ አራጎን አውራጃ ካላንዳ በምትባል ከተማ ተወለደ። ወጣት ሳለ ፓሪስ ሄዶ ከሱሪያሊስቶች ጋር ተቀላቀለ። የቡድኑ መሪ ገጣሚው አንድሬ ብረቶን ነበር። እነዚህ ሰዎች ሕልምን ከእውነት እኩል ያከብሩ ነበር፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ ዕብድ ፍቅርን። ሁለት ሰዎች በፍቅር ሲያብዱ ቤተ ክህነቱ፣ ፖሊሱ፣ የአባት ሥልጣኑ ሁሉ ይፈርሳል ብለው ያምኑ ነበር።

ቡኑኤል በ1930 ያንን እምነት በፊልም አሳየ። «ወርቃማው ዘመን» ይባላል። አንድ ወንድና አንዲት ሴት ጭቃ ላይ ተቃቅፈዋል፤ አጠገባቸው ትላልቅ ሰዎች ሥነ ሥርዓት እያካሄዱ ነው። ሕዝቡ ደርሶ ያላቅቃቸዋል፤ ሰውየውን ሁለት ሰዎች አንጠልጥለው በከተማው ይጎትቱታል። ከዚያ በኋላም በተገናኙ ቁጥር የሚያቋርጣቸው አይጠፋም። በአትክልት ቦታ ሊሳሳሙ ሲሉ ኦርኬስትራው ዋግነርን እየተጫወተ ነው፤ አሽከር መጥቶ ስልክ ይፈለጋሉ ይላል። ፊልሙ ፓሪስ ስቱዲዮ 28 በተባለው ሲኒማ ቤት ሲታይ የቀኝ አክራሪ ወጣቶች ገብተው መጋረጃው ላይ ቀለም ረጩ፤ በመተላለፊያው የተሰቀሉትን የሠዓሊዎች ሥራዎች ቀደዱ። ጥቂት ቀናት ቆይቶ ፖሊስ ፊልሙን አገደው፤ እገዳውም ለአሥርት ዓመታት ቆየ።

አሁን ሁለቱን ፊልሞች ጎን ለጎን አስቀምጧቸው። በሁለቱም ፍቅረኞች አይገናኙም። በሁለቱም ዋግነር ይሰማል። ነገር ግን በ1930 ፖሊሱና ባለሥልጣኑ የቆሙት በአፍቃሪው ፊት ነው፤ በ1977 የቆሙት ከአፍቃሪው ጎን ነው። ማቲዩ ኮንቺታ አልገዛለት ስትል ምን አደረገ? ዳኛ ዘመድ አለው። ለዚያ ዘመዱ ነገረው፤ እናትና ልጅ ከፈረንሳይ ተባረሩ። በአንድ ጥሪ። ከዚያ ደግሞ ተጸጽቶ ሊፈልጋት ወደ ሴቪያ ይሄዳል! ያባረራት ማን እንደሆነ የረሳ ይመስላል።

ወጣቱ ቡኑኤል ዕብድ ፍቅር ዓለምን ያፈርሳል ብሎ ነበር። የሰባ ሰባት ዓመቱ ቡኑኤል ሌላ ነገር አየ፤ ልክፍቱ ሀብትና ሥልጣን ያለው ሰው ላይ ሲያድር የሚፈርሰው ሌላ ሰው ነው። የወጣትነቱን እምነት አልረገመውም፤ አልካደውምም። ገንዘብና ዘመድ ያለው ሰው እጅ ላይ አስቀምጦ ምን እንደሚሆን ተመለከተው። አንድ አርቲስት ለገዛ ወጣትነቱ ከዚህ የበለጠ ታማኝ መሆን ይችላል ብዬ አላስብም።

ይህ ለእኛ ለምን ይከብደናል? እዚህ አዳራሽ ያለን አብዛኞቻችን ስለ ታላቅ ፍቅር የተማርነው ከሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ነው። እዚያ የበዛብህና የሰብለ ወንጌል ጠላት ከውጭ ነው፤ የፊታውራሪ መሸሻ የዘር ትዕቢት ነው። ስናነብ የምንመኘው አንድ ነገር ነው፤ ምነው በተገናኙ! ያንን ምኞት ይዘን ወደ ማቲዩ ስንመጣ፣ ሳናውቀው ለእሱም «ምነው በተሳካለት» ማለት እንጀምራለን። በዛብህ ግን ሰብለን ያያታል። ያስተማራት፣ ያናገራት፣ የምታስበውን የሚያውቅ ሰው ነው። ማቲዩ ኮንቺታ ምን እንደምትወድ፣ ምን እንደምትፈራ፣ ምን መሆን እንደምትፈልግ አንድ ጊዜ ሲጠይቅ ሰማችሁ? ትዕግሥት፣ ስጦታ፣ ልመና፣ እንባ አለው። ጥያቄ ግን የለውም።

የቀረኝ ስለ ጆንያውና ስለ ቦምቡ ነው፤ በእርግጠኝነት የምትጠይቁኝ ይህንን ስለሆነ።

ቦምቡ እንዲህ ነው። ፊልሙ ሲጀመር ማቲዩ መኪና ውስጥ ሳለ ፊት ለፊቱ ሌላ መኪና ይፈነዳል። ከዚያ በኋላ በየጊዜው ጥቃት ይወራል፤ የቡድኖቹ ስም ሳይቀር የሕልም ስም ይመስላል፤ አንዱ «የሕፃኑ ኢየሱስ አብዮታዊ ጦር» ነው። ጊዜውን አስታውሱ፤ ጣሊያን፣ ጀርመን፣ ስፔን በየከተማው ቦምብ የሚፈነዳበት ዘመን ነበር። የስፔን ገዥ የነበረው ፍራንኮ ከሞተ ገና ሁለተኛ ዓመቱ ነው። ማቲዩ በዚያ ሁሉ መሐል እጀ ጠባቡን አስተካክሎ ያልፋል። መንገድ ተዘጋ ቢሉት በሌላ ይዞራል። ሰውየው የሁለቱን ሴቶች መፈራረቅ እንዳላየ ሁሉ የሚቃጠለውንም መኪና አላየም። ለእኔ የቦምቡ ቦታ ይህ ነው። ስለዚህ ፖለቲካው ከፍቅሩ ታሪክ ጎን የተለጠፈ ነው የሚሉ ሰዎች ሲገጥሙኝ አልስማማም፤ አንድ ዓይን ነው ሁለቱንም የሳተው።

ጆንያውን ግን ልፈታላችሁ አልሞክርም። ማቲዩ በአንድ ትዕይንት ያረጀ ጆንያ ተሸክሞ ይሄዳል፤ ለምን እንደተሸከመ ማንም አይጠይቀው። ሌላ ጊዜ ጆንያው በሌላ ሰው ትከሻ ላይ ነው። መጨረሻ ላይ ፓሪስ ባለው የገበያ መተላለፊያ፣ በሱቅ መስኮት ውስጥ አንዲት ሴት ከጆንያ ደም የነካው የተቀደደ ዳንቴል አውጥታ መስፋት ትጀምራለች። ቡኑኤል በሕይወት ታሪኩ ውስጥ ይህ ትዕይንት ለምን እንደሚነካው ራሱም ማስረዳት እንደማይችል ጽፏል። በሕይወቱ የቀረጸው የመጨረሻ ምስልም እሱ ነበር። የሠራው ሰው «አላውቅም» ካለ፣ እኔ ከመድረክ ላይ ሆኜ ጆንያው ኃጢአት ነው፣ ዳንቴሉ ድንግልና ነው ብል ፊልሙን አሳንሰዋለሁ።

አዘጋጆቹ ለሰጡኝ ርእስ ያለኝ መልስ ከዚህ ይወጣል። ግራ የሚያጋባ ፊልም ስታዩ «ምን ማለት ነው?» የሚለውን ጥያቄ ለጥቂት ጊዜ አሳድሩት። በቦታው «ምን ሆነ? የሚተርከው ማን ነው? እሱ ሳያይ እኔ ያየሁት ምንድን ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ለዚህ ፊልም ሦስቱም ጥያቄዎች መልስ አላቸው፤ ጆንያው ደግሞ ሳይፈታ ሊቆይ ይችላል። ሕልም አይተን ስንነሣ ሁሉንም ፈትተን ቁርስ አንበላም፤ ግን ያስፈራንን ነገር እናውቀዋለን።

መጨረሻውን አይታችኋል። ወሬው ሲያልቅ ኮንቺታ ባልዲ ይዛ መጥታ ማቲዩ ላይ ውሃውን ትደፋበታለች፤ ያ ሁሉ አድማጭ እያየ። ፓሪስ ሲደርሱ ደግሞ አብረው ናቸው! ክንድ ለክንድ ተያይዘው ይሄዳሉ። ከመስፊያው መስኮት ፊት ቆመው ያያሉ፤ ሙዚቃው የዋግነር ነው፤ ንግግራቸው አይሰማም፤ እንደገና መጣላት ሲጀምሩ ግን ይታያል። ከዚያ ፍንዳታው ይመጣል። አንዳንድ ሰዎች ቡኑኤል ታሪኩን መጨረስ አቅቶት አፈነዳው ይላሉ። እኔ ሌላ መጨረሻ ቢያበጅለት ነበር የምከፋው። እነዚህ ሁለት ሰዎች ቢጋቡ ውሸት ነው፤ ቢለያዩም ውሸት ነው፤ ሌላ ሃያ ዓመት ሊቀጥሉ ይችሉ ነበር። ከክፍሉ ውጭ ያለው፣ ሲያልፉት የኖሩት ዓለም ነው መጥቶ ያቋረጣቸው።

ቡኑኤልን ወደፊት ማየት ለሚፈልግ ሰው «ኤል»ን እመክራለሁ፤ በ1953 ሜክሲኮ ውስጥ የሠራው ነው። የዚያ ፊልም ሰው ግን የሚወዳትን ሴት አግብቷታል። ቤቱ አስገብቷታል፤ የጋብቻ ወረቀቱም በእጁ ነው። ልክፍቱ ግን ከዚያ በኋላ ይብስበታል፤ በቁልፍ ቀዳዳ የሚያያቸው ሰው ያለ መስሎት መርፌ እስከ መስደድ ይደርሳል። ኮንቺታ እሺ ብላ ቢሆን ኖሮ ምን ይከተል ነበር ለሚል ሰው ቡኑኤል መልሱን ከሃያ አራት ዓመት በፊት ሰጥቶ ነበር። ከዚያ ቀጥሎ «ትሪስታና»ን እዩ፤ የ1970 ሥራው ነው፤ ያው ፈርናንዶ ሬይ በአደራ የተሰጠችውን ልጅ የራሱ የሚያደርግ ሽማግሌ ሆኖ ይጫወታል።

አሁን መድረኩ የእናንተ ነው። ማይክሮፎኑ ከፊት ረድፍ ይነሣል። እኔ ስናገር ስንቶቻችሁ ራሳችሁን እንደነቀነቃችሁ አይቻለሁ፤ በተለይ በስተግራ በኩል። ማቲዩ ተበድሏል፣ ልጅቷ ተጫውታበታለች ብሎ የሚያምን ካለ ከእሱ እንጀምር፤ እስከ መጨረሻው እንሰማዋለን።